“ግቢ ልክ እንደ ፊልሙ ነው” ላሉን ጸሐፊ

የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሳ ምደባ እየጠበቀች ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ “አክስቴ፣ እውነት ነው?” ብላለች፤ ሌላ ምንም አልጻፈችም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ፊልምና ተከታታይ ድራማ የዩኒቨርሲቲን ሕይወት እንዳለ ያሳያሉ፤ ተማሪም ወላጅም ከምዝገባ በፊት ቁጭ ብሎ ቢያያቸው ይጠቀማል። ከዚያ ጸሐፊው ስድስት ነገር ይደረድራሉ። ግቢ ማለት ነፃነት ነው። የግቢ ዋና ጉዳይ ፍቅር ነው። የዶርምና የካፌ ችግር ለሳቅ የሚሆን ነው። ጎበዝ ተማሪ ብቻውን አጥንቶ ያልፋል። ፊልሞቹ አጋነኑ ከተባለ በመምህራን ላይ ብቻ ነው፤ ሴት ተማሪን በማርክ የሚያስፈራራ መምህር የደራሲ ፈጠራ ነው። በመጨረሻም ጋዋን ይለበስና ሁሉም ያምራል።

“አይደለም” ብዬ ልመልስላት ነበር። ግን ልጅቷን አውቃታለሁ፤ “ታዲያ ምንድን ነው?” ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ በጸሐፊው ቅደም ተከተል ልሂድ።

በነፃነቱ እንጀምር። ፊልም ላይ ልጅቷ ባለ ጎማ ሻንጣዋን እየጎተተች በትልቁ በር ትገባለች። ፀጉሯን ነፋስ ይነካካዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የራሷ ጌታ ናት። ጸሐፊው ይህችን ትዕይንት ወደዋታል፤ ሁለት ጊዜ ጠቅሰዋታል።

ከበሩ በፊት ያለው ግን ተቆርጧል። ለመሆኑ የሚገባው ማን ነው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ቱ 3.2፣ በ2016ቱ ደግሞ 5.4 ከመቶ። ከእነሱ ሥር ካለው የተወሰነው በሪሚዲያል፣ ማለት በአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ነው የሚሞክረው። ሪሚዲያል ግቢ ውስጥ ሆኖ ገና ግቢ አለመግባት ነው። ካፌ ትበያለሽ፣ ዶርም ትተኛለሽ፣ ፈተናውን ካላለፍሽ ግን ሻንጣሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ። የሪሚዲያል ተማሪ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበት ፊልም እኔ እስካሁን አላየሁም።

ከዚያ ምደባ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሱ ፈተና ይቀበላል። ለብዙው ተማሪ ግን መድቦ የሚልከው አሁንም ትምህርት ሚኒስቴር ነው። አንቺ ምርጫ ትሞያለሽ፤ የቀረውን ውጤትሽና የቦታ ብዛት ይሞሉታል። ጎንደር ያደገችው አርባ ምንጭ፣ ጅማ ያደገው ደብረ ብርሃን ይሄዳል። ሰው ሲጠይቅሽ ራሱ “የት መረጥሽ?” አይልም። “የት ደረሰሽ?” ነው የሚለው። እንደ ዕቁብ ማለት ነው።

ዶርምም ይደርስሻል። በእኔ ጊዜ ድልድሉ በስም ተራ ስለነበር የስድስታችንም ስም የሚጀምረው በአንድ ፊደል ነበር። አንዷ እንዲያውም ሞክሼዬ ናት። በስም መጠራራት እንዳቃተን የገባን በመጀመሪያው ማታ ነው፤ አንዷ ስትጠራ ሁለታችን “አቤት” እንላለን። እሷ በቁመት ስለምትበልጠኝ “ትልቋ” ተባለች፤ እኔ “ትንሿ”። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስሜንም ግቢ ወሰደው።

የሴቶች ዶርም በር ማታ 3 ሰዓት ላይ ይቆለፍ ነበር። ፕሮክተሯ፣ የዶርም ተቆጣጣሪዋ ማለት ነው፣ እናቴን ታስንቃለች። የኤሌክትሪክ ምድጃ ካገኘች ትወርሳለች፣ ብረት ምጣድ ካገኘች ምድጃውን ፍለጋ ሎከር ታስከፍታለች። ጸሐፊው ያሉት ነፃነት ጭራሽ የለም አልልም። ሁለት ቀን ክላስ ቀርተሽ ብትተኚ የሚቀሰቅስሽ የለም። እራት ሳትበዪ ብታድሪም ልብ የሚል ወላጅ የለም። ይኼን ነፃነት ካልነው እሺ።

ደግሞ አንድ ነገር ተረስቷል። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብዙው የሚፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድሮ ነው። የእህቴ ልጅም እዚያው አድራ ነው የተፈተነችው። ተደራራቢ አልጋው ላይ ተኝታለች፣ ካፌ ተሰልፋለች። ለዝግጅት ከሆነ ከስንት ተከታታይ ድራማ እነዚያ ቀናት ይሻሏታል።

ወደ ፍቅሩ። ላይብረሪ ውስጥ ይጋጫሉ፣ መጽሐፍ ይወድቃል፣ ሁለቱም ሊያነሱ ጎንበስ ይላሉ። ጸሐፊው “ይህ ያልገጠመው የግቢ ተማሪ የለም” ብለዋል። ኧረ ባክዎ! በፈተና ሰሞን ላይብረሪ ውስጥ የሚጋጩ ሰዎች የሚጋጩት ወንበር ይዤ ነበር፣ አልያዝሽም ተባብለው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደብተር፣ ሻርፕ፣ የውሃ ኮዳ ወንበር ላይ ተኝቶ ታገኚያለሽ፤ ባለቤቱ ዶርም ነው ያለው። መጽሐፉ ቢወድቅ ሁሉም ዞሮ “እሽሽ” ይላል እንጂ የሚያነሳ የለም።

ፍቅር የለም ወይ? አለ እንጂ። ግን “ቦታ ያዝኩልሽ” የሚል ነው። ያ ልጅ ብርድ ልብሱን ትቶ በሌሊት ሄዶ ከሶኬት አጠገብ ወንበር ይዞልሻል። ከእሱ የሚበልጥ አበባ የለም። ገንዘብ ስለሌለ ላውንጅ ውስጥ አንድ ማኪያቶ ለሁለት ይታዘዛል፤ ከዚያ ግቢውን መዞር ነው። ሦስት ዙር፣ አራት ዙር። ለፊልም አይመችም፤ ሁለት ሰው ከመሄድ በቀር ምንም አይሠራም።

ካሜራው ጨርሶ የማይደርስበት ደግሞ ሌላው የማታ ሕይወት ነው። ከስድስታችን ሦስቱ ከእራት በኋላ ግቢ ጉባኤ፣ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ጉባኤ፣ ይሄዳሉ። አንዷ ፌሎ፣ የፕሮቴስታንት ተማሪዎች ኅብረት፣ አላት። አንዷ ከጀመዓው ልጆች ጋር ነው የምትውለው። እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ታይፎይድ ሲይዘኝ አጥሚት ይዘው የመጡት፣ ክሊኒክ የተሰለፉልኝ ከእነዚህ ቦታዎች የመጡ፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማላውቃቸው ልጆች ናቸው። በብዙ ግቢ አዲስ ተማሪን መናኸሪያ ድረስ ወጥተው ሻንጣ ተሸክመው የሚያስገቡትም እነሱ ናቸው። የግቢ ፊልም የሚጽፍ ሰው ይህን ሁሉ ሕዝብ እንዴት እንደሚያልፈው ይገርመኛል። ምናልባት ትኬት የሚቆርጡት ጥንዶች ስለሆኑ ነው።

(ጸሐፊው የውጭውንም ፊልም ጠቅሰዋል፤ የድግሱን ቀይ ብርጭቆ፣ ትልቁን ቤት፣ መዋኛውን። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ስርጭት ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ተማሪም በመኪና ክላስ ሲሄድ አይተናል። የአጎቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው። ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይማራል፣ የሚያድረው እናቱ ቤት ነው። አሜሪካም ቢሆን የኮሌጅ ተማሪው አብዛኛው ዶርም ውስጥ አይኖርም። ስለ ቀዩ ብርጭቆ ስጠይቀው “ሱቅ ይሸጣል” አለኝ።)

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው የዶርምና የካፌ ነገር “ለሳቅ ያህል ነው፣ ቀልድ አዋቂዎች ያሳመሩት” ይላሉ። በፊልም አዎ። ሽሮው ውስጥ ጠጠር ይገኛል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ወደ ፍቅሩ ይታለፋል። እኛም ስቀናል፤ ስለ ካፌ ሽሮ ያልቀለደ ተማሪ የለም።

ግን ዶርማችንን ላሳይዎት። ስድስት ሰው፣ ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ስድስት ሎከር። በፊልሙ ዶርም ሁለት አልጋ አለ፤ መጋረጃ አለ፤ ካሜራውም ሰውም እንደ ልብ ይዞራል። በእኛው ሁለት ሰው እኩል ከአልጋ ከወረደ አንዱ ኮሪደር መውጣት አለበት። ግድግዳው ላይ ሁለት ሶኬት አለ፤ የሚሠራው አንዱ ነው። አዋጥተን አንድ ዲቫይደር፣ ብዙ ሶኬት ያለው ማራዘሚያ፣ ገዛን። ሎከር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ማን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ቻርጅ እንደሚያደርግ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተራዬ ከሆነ እነሳለሁ። ስልኬን ሰክቼ፣ የተነቀለውን ስልክ ባለቤቱ ትራስ ሥር አስገብቼ እተኛለሁ። መብራት ከጠፋ ወረቀቱ ይፈርሳል። በማግስቱ ስብሰባ አለ።

ውሃ የሚመጣው በሌሊት ነበር። ኮሪደሩ ላይ አንዷ “መጣች!” ካለች ፎቁ በሙሉ ይነሳል። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ የተቆረጠ ሃይላንድ። ወረፋ ለምደናልና ተኝተንም መሰለፍ እንችላለን።

ምግቡን በቁጥር ልንገርዎት። ለአንድ ተማሪ ለቀኑ ሦስት ማዕድ የሚመደበው 22 ብር የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ወደ 100 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. ነው። በ22 ብር ሽሮ ውስጥ ሽሮ ማግኘትም ቁም ነገር ነው። ስለዚህ ዶርም ውስጥ ያዳነን በሶ ነው። ከቤት በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ ይላካል፤ ሲመጣ የማን እናት እንደላከችው ይረሳል። ማታ 5 ሰዓት ላይ አንዷ ሳህን ታወጣለች። በሶ በስኳር ይበጠበጣል። ስድስት እጅ።

ነን ካፌ የሆነች ልጅ ነበረችን። ነን ካፌ ማለት ካፌ አልበላም ብሎ ፈርሞ የምግቡን ብር በየወሩ በእጅ መቀበል ነው። ፊልም ላይ ነን ካፌ ማለት ደህና ቤት ያለው፣ ውጭ የሚበላ ልጅ ነው። የእኛዋ ብሩን ተቀብላ ለእናቷ ትልክ ነበር። ይህን ያወቅነው በሁለተኛው ወር ነው። የነገረን ሰው የለም፤ ቁርስ ሰዓት ሁልጊዜ ተኝታ ስለምናገኛት ነው። ከዚያ ወዲያ ተራ አወጣን። ከካፌ ምግብ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ በሩ ላይ ካርድ የምታየው ቲከሯ ቆማለች። ዳቦውን ነጠላ ውስጥ፣ ክረምት ሲሆን ጃኬት ውስጥ አድርገን እናልፋለን። አንድ ቀን ከእኔ ጃኬት ሥር ወድቆ ቲከሯ እግር ሥር ተንከባለለ። አየችው። አየችኝ። ከዚያ ፊቷን አዙራ ከኋላዬ የነበረችውን ልጅ ካርድ ማየት ጀመረች። ዳቦውን አንስቼ ሮጥኩ።

ፊልም ይህን ለማሳየት ስድስት ሰው እኩል መውደድ አለበት። ፊልም ሠሪዎቹ አንድ ጀግና ነው የሚፈልጉት። የቀረነው ከጀርባው ስናልፍ ነው የምንታየው። ጸሐፊው ያላዩትም ለዚህ ይመስለኛል።

አራተኛው፣ ብቻውን አጥንቶ የሚያልፈው ጎበዝ። መነጽር አለው፣ ሻማ አለው፣ ላይብረሪው ባዶ ነው። እኔ ያየኋቸው ጎበዞች በሙሉ ሰው የከበባቸው ናቸው። ከፈተና በፊት ባዶ ክፍል ፈልገው ቾክ ይዘው ለአርባ ሰው ያስረዳሉ። ችከላ፣ አጥብቆ ማጥናቱ፣ ራሱ የቡድን ሥራ ነው። የሲኒየር ኖት አለ፣ ኮፒ ቤት የሚሸጥ ያለፈ ዓመት ፈተና አለ፣ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም የሚዞር ሃንዳውት አለ። ግሩፕ አሳይመንት ላይ ስሙን ብቻ የሚያስጽፍ ልጅም አለ፤ እሱንስ ፊልሞቹ በደንብ ይዘውታል፣ አልክድም።

ግን እነዚሁ አብረውሽ የሚያጠኑ ልጆች ተወዳዳሪዎችሽ ናቸው። ዲፓርትመንት የሚደርስሽ በግሬድ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ስለተመለሰ አሁን ድልድሉ ከእሱ በኋላ ሆኗል፤ በእኛ ጊዜ ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ነበር። ዲፓርትመንት የተለጠፈ ዕለት ሰሌዳው ሥር ያየሁትን ለቅሶና እልልታ የሚያህል ትዕይንት በየትኛውም የግቢ ድራማ አላየሁም። ካሜራ ብቻ ነው የጎደለው።

በዚያው ሰሞን ትልቋ ዲስሚስ ሆነች፤ በውጤት ተባረረች። ችግሩ ስንፍና አልነበረም። ካልኩለስ ላይ ስትጠይቀኝ “ነገ” እያልኩ አሳልፌባታለሁ፤ የራሴ ነበረብኛ። ውጤቱን አይታ ምንም አልተናገረችም። ማታ እንደ ወትሮው በሶ በላን። ጠዋት ስንነሳ አልጋዋ ላይ ፍራሹ ብቻ ነው። አንሶላዋን አጥፋ፣ የሎከሯን ቁልፍ ዲቫይደሩ ላይ አስቀምጣ ሄዳለች። መናኸሪያ አልሸኘናትም። ከዚያ በኋላ የቻርጅ ሰዓት ወረቀቱ ላይ የእሷን ቦታ የወሰደ ሰው የለም፤ ከሌሊቱ 7 እስከ 8 ባዶ ሆኖ ቀረ።

ስለ መምህራኑ። ጸሐፊው ሴት ተማሪን በማርክ የሚያስፈራራ መምህር “ፈጠራ ነው፣ ሙያውን ማጉደፍ ነው” ይላሉ። እዚህ ላይ ፊልሞቹ ልክ ናቸው፣ ጸሐፊው ተሳስተዋል። ሴቶች ዶርም ያደረች ሁሉ የማንን ቢሮ ብቻሽን እንዳትገቢ የሚባል ምክር ሰምታለች። ምክሩ ከሲኒየር ወደ ፍሬሽ የሚወርድ ነው፤ ከኖት ጋር አብሮ ይሰጣል።

ፊልሞቹ የሚሳሳቱት ቀጥሎ ባለው ነው። ልጅቷ በጥፊ ትለዋለች፣ በሩን ዘግታ ትወጣለች፣ በሚቀጥለው ትዕይንት እሱ ከሥራ ተባሯል። የማውቃት ልጅ ግን ኮርሱን ድሮፕ አደረገች። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ “ጤና” ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ዓመት ከእሷ በታች ካሉት ልጆች ጋር ሌላ መምህር ሲይዘው ወሰደችው። በዚህም ምክንያት ከእኛ ጋር አልተመረቀችም። ሰውዬው ያስተምር ነበር።

በዚያው ግቢ ሃያ አራት ዓመት ያልሞላው፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ሜካፕ ክላስ (የማካካሻ ትምህርት) የሚሰጥ ረዳት መምህርም ነበረን። እሱም ፊልም ላይ የለም። ፊልም ላይ መምህር ወይ ሽማግሌና ጥበበኛ ነው፣ ወይ ጨካኝ።

የቀረው ምርቃቱ ነው። ቆቡ አየር ላይ ይወረወራል፣ ሙዚቃ ይነሳል፣ ያልቃል። እኔም የጂሲ፣ የተመራቂዎች፣ ሰሞንን እወዳለሁ። 100 ቀን፣ ከለር ደይ፣ ክሬዚ ደይ፤ የቸከለው ሁሉ ቀለም ተቀብቶ ይጨፍራል። ያ እውነት ነው፤ ከፊልሙም ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማንም አይቀርጸውም። አሁን ደግሞ ከጋዋኑ በፊት ኤግዚት ኤግዛም፣ የመውጫ ፈተና፣ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ ከመቶ 50 ማምጣት ግድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈተኑት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ቤተሰብ በግ ገዝቶ፣ ድንኳን ተከራይቶ፣ ልጁ ውጤት እየጠበቀ ያየሁት ቤት አለ። በጉን ምን ያድርጉት? ያለፈውም ይዞ የሚወጣው ቴምፖ፣ ጊዜያዊ ማስረጃ፣ ነው፤ ዋናው ዲግሪ የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ዕዳ ሲጠራ ይሰጣል። ያን ዕዳ ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል። ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ ዋናውን ዲግሪ አምጡ የሚል ቀጣሪ አለ። ይኼን ደግሞ ማንም ደራሲ አስቦ አይደርስበትም።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አንብቤላት ዝም አለች። ከዚያ “አክስቴ፣ እና ጥሩ ነበር ማለት ነው?” አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ዲቫይደር ግዢ አልኳት፤ ባለ ረጅም ገመድ።

ማታ የምርቃት መጽሔታችንን ከሳጥን አወጣሁት። ላስት ወርድ የሚባለው ቦታ ላይ ሁሉም የሚያምር ነገር ለመጻፍ ተጨናንቋል። ከእኔ ፎቶ ሥር ሙሉ ስሜ አለ። ዶርም ያሉት ልጆች አስገድደውኝ በቅንፍ “ትንሿ” የሚል ተጨምሯል። ከዚያ ባች ትልቋ ማን እንደነበረች የምናውቀው አምስት ሰዎች ነን።